ልጅን አራርቆ ስለ መውለድ፤ ለባልና ለሚስት የተሰጠ ምክር

በጂማና በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በጌራ ቡና ተክላችሁ የምታድሩ ሁሉ የምናገረውን ነገር ከእርሻችሁ ታውቁታላችሁ። ቡና የሚተክል ሰው ችግኝን በችግኝ ላይ አይደርብም፤ ለእያንዳንዱ ሥር የሚሰድድበትን ስፍራና ከፀሐይ የሚጋርደውን ጥላ አስቀድሞ ያዘጋጅለታል። ስለ ችግኝ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ሚስቱ ጤናና ስለ ልጆቹ ከዚያ ያነሰ ሊያስብ ይገባዋልን?

ብዙዎች ግን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስጦታን የተቀበለ ሰው ጠባቂ ተደረገ እንጂ ከመጠበቅ ነጻ አልወጣም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር አስተማረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስበውን በብርቱ ቃል ገሠጸው። እንግዲህ ማሰብ የእምነት ጠላት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ዳግመኛ ከመፀነሷ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቈይ ይመክራል፤ ቶሎ ቶሎ መፀነስ የእናቲቱን ደም ሊያሳንስ፥ ሕፃኑም ያለ ቀኑ ወይም ደካማ ሆኖ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላልና። በቡና ለቀማ ወራት አንዱን ሕፃን አዝላ፥ ሌላውን በማኅፀኗ ተሸክማ ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትሄደውን እኅት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም።

ይህም ምክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ መንግሥትም የሥነ ሕዝብ ፖሊሲውን በ1985 ዓ.ም. አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት ካገቡት ሴቶች ከ100 መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 41 ሆነው ተገኙ።

ነገር ግን ለጎረቤት የተስማማው ሁሉ ለእናንተ ይስማማል ማለት አይደለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጠባይ እወቁ። ኪኒን በየዕለቱ ሳይዘነጉ የሚዋጥ ነው፤ ለምትረሳ ሴት አይመችም። ሁለት ዓይነት ቅመም ያለበት ኪኒን የደም ግፊት ላለባትና ሕፃኗ 6 ወር ሳይሞላው ለምታጠባ እናት አይመከርም፤ ለምታጠባ እናት የሚሆን ሌላ ኪኒን አለ። መርፌው በ3 ወር አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከተወችው በኋላ ግን ፅንስ ለመያዝ ብዙ ወራት ሊዘገይባት ስለሚችል፥ በቅርቡ ልጅ የምትሻ ሴት ይህን ታስብ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፤ መርፌውም ተቀባሪውም የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል። መዳብ ያለበት ሉፕ እስከ 10 ዓመት ይቈያል፤ ነገር ግን የወር አበባን ሊያበዛ ስለሚችል ደም ያነሳት ሴት አስቀድማ ትመርመር። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት ይህን ለሐኪም ትንገር፤ መድኃኒቱ የኪኒንንና የተቀባሪውን ኃይል ያደክማልና። ከኤች አይ ቪና ከሌላው የአባለ ዘር በሽታ ደግሞ የሚጠብቀው ኮንዶም ብቻ ነው።

መድኃኒት የማይወዱ ቢኖሩ ቀን መቍጠር አለ፤ እርሱም የወር አበባዋ ያልተዛባ ሚስትና ራሱን የሚገዛ ባል ይሻል። ማጥባትም ራሱ ይከላከላል፤ ይኸውም ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው፥ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የሚጠባ፥ የእናቲቱም የወር አበባ ያልተመለሰ ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መታመኛ አይሆንም። ልጅ በቃን ላሉት ለሴትም ለወንድም ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህ ግን ሊመለስ እንደማይችል ቈጥረው ይወስኑ።

በገበያ የሚወራውን አትስሙ። «የተቀበረው ወደ ልብ ይሄዳል፤ ሉፕ መካን ያደርጋል» ይላሉ። የተቀበረው በተቀበረበት በክንድ ይቀመጣል፤ እርሱም ሉፑም ሲወጡ የመፀነስ ኃይል ፈጥኖ ይመለሳል።

አሁንም ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ከባሏ ተሰውራ መርፌ የምትወጋ ሚስት በመካከላችን አለች። የቀጠሮ ካርዷን ከእህል በታች ትሸሽጋለች፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድም ወደ ገበያ ወጣሁ ትላለች። እርሷን ለመውቀስ የምትቸኩሉ ባሎች ሆይ፥ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በቤታችሁ ያለ ፍርሃት መናገር ብትችል ኖሮ ስለ ምን ትሰወር ነበር? የምጡን ጭንቅ እርሷ ትሸከማለች፤ ድካሟን የምትነግረው ሰው አጥታ ብቻዋን ትመርጣለች። ሚስትህን እንደ ገዛ ሥጋህ ውደድ የተባልህ አንተ፥ ሥጋህ ሲታመም አትሰማምን? ሚስቶችም ሆይ፥ ባል ለመስማት ልቡን በከፈተ ጊዜ እውነቱን አትደብቁት፤ በእውነት ላይ ያልተሠራ ቤት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃልና። ባሏ በዱላ የሚያስፈራራትን እኅት ግን ማንም አይፍረድባት፤ ሽማግሌዎችና የማኅበሩ መሪዎች ባልዮውን ይገሥጹት፥ እርሷንም ይጠብቋት።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በአንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡ፤ ስንት ልጅ ልናሳድግ እንችላለን፥ የሚቀጥለውስ መቼ ይሁን ብላችሁ ተነጋገሩ፤ በአንድነትም ጸልዩ። ከዚያ በቀበሌያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ሳታፍሩ ንገሩ፤ የተሰጣችሁ ባይስማማችሁ ተመልሳችሁ ለውጡ እንጂ በዝምታ አትተዉት። ምርጫውም የሁለታችሁ ፈቃድ ይሁን፤ ማንም ማንንም አያስገድድ።

ቤታችሁን በፍቅርና በማስተዋል የሚሠራ ጌታ ከእናንተ ጋራ ይሁን። አሜን።