ልጁ ከእነማን ጋር ነው?



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚተርክልን፥ ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከፋሲካ በዓል በኋላ በኢየሩሳሌም ሲቀር፥ ማርያምና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እንዲህ ያሉ አስተዋይ ወላጆች እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? አንዳንድ የጥንት ተርጓሚዎች ሲመልሱ፥ ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ይጓዙ ስለ ነበር፥ ልጅም ከሁለቱ ወገን ከአንዱ ጋር መሄድ ይችል ስለ ነበር፥ እናቱ ከአባቱ ጋር ነው፥ አባቱም ከእናቱ ጋር ነው ብለው አሰቡ ይላሉ። ይህ በወንጌሉ አልተጻፈም፤ የተርጓሚዎች አሳብ ነው። ሆኖም የስካውት ማኅበር ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች አንድ ይሁን ወይስ ለየብቻ ብለን ስንጠይቅ ብዙ ያስተምረናል።

ጥያቄው የማኅበሩን ያህል ዕድሜ አለው። ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ያዘጋጀው ለወንዶች ልጆች ብቻ ነበር። በ1909 ግን በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ታላቅ ስብሰባ ልጃገረዶች፥ እኛም ስካውት ነን፥ ብለው መጡ። በ1910 በእኅቱ በአግነስ መሪነት ለእነርሱ የተለየ ማኅበር ተቋቋመላቸው።

በቤተ ክርስቲያንም ዘንድ ነገሩ ታስቦበታል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1929 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በጻፉት መልእክት ወንዶችንና ሴቶችን ቀላቅሎ ማስተማርን፥ ይልቁንም በጉርምስና ዕድሜ፥ አጥብቀው ነቀፉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የጾታን ልዩነት ማሰብ እንደሚገባ ሲያስገነዝብ ያንን ነቀፋ አልደገመም።

የኢጣልያ ካቶሊኮች ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የፋሺስት መንግሥት በ1928 የወንዶቹን ማኅበር ዘግቶ ነበር። ሮማ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፥ በ1943 መጨረሻ፥ ጥቂት ልጃገረዶች ጵርስቅላ በተባለው የጥንት ክርስቲያኖች የመቃብር ዋሻ ውስጥ የስካውት ቃል ኪዳን ገቡ። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት ያህል ማኅበራቸው ለብቻው ቆየ። ይህን ዘመን እንደ መገለል የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ወንድ አለቃ በሌለበት ስፍራ ድንኳን መትከልም፥ ጉዞ መምራትም፥ ገንዘብ መያዝም የሴቶቹ ኃላፊነት ነበርና። በ1974 ከወንዶቹ ማኅበር ጋር ተዋሕደው አጀሺ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በየደረጃው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በእኩል ሥልጣን ይመሩታል። በጉርምስና ዕድሜ ያሉት ልጆች የሚውሉባቸው ትናንሽ ምድቦች ግን የወንድ ለብቻ፥ የሴት ለብቻ ናቸው። የተለየ አካሄድ የመረጡ ደግሞ በ1976 የአውሮፓ ስካውት ማኅበርን በኢጣልያ አቋቁመው የሁለቱን ክፍል ለይተው ይዘዋል፤ ለዓለም አቀፉ ኅብረታቸውም ቅድስት መንበር በ2003 ዕውቅና ሰጥታለች። እንግዲህ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለቱም መንገዶች አሉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን በእምነት ጉድለት መክሰስ አይገባም።

እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። የ13 ዓመት ልጃገረድ ከወንዶች ጋር በአንድ ምድብ ስትሆን፥ ማንም ሳያዝዛት ወደ ድስቱ ትሄዳለች፥ ወንዱም ወደ መጥረቢያው ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁሉን የምትሞክርበት የራሷ ምድብ ያስፈልጋታል። ፈጽሞ መለያየት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ወንዶቹ ተራራ ሲወጡ ሴቶቹ በአዳራሽ ጥልፍ እንዲጠልፉ ሲደረግ፥ ለየብቻ የተባለው ማሳነስ ይሆናል።

ማርያምና ዮሴፍ ልጁን ያገኙት አብረው ተመልሰው በፈለጉት ጊዜ ነው። እናቱም ስትናገር አባቱንና ራሷን አንድ ላይ ጠራች። በካምፕም ልጆቹን ወንድና ሴት መሪዎች አብረው ይጠብቁ፤ ማንም መሪ፥ ካህንም ቢሆን፥ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሁን። አንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ የሚተኛበት ሌሊት አደገኛ ነው።

በየቁምስናው ወጣቶችን የምትመሩ ሆይ፥ ለሚቀጥለው ካምፕ ስም ስትመዘግቡ የቀሩትን ልጃገረዶች ቍጠሩ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ስለ ጠፋ የቀረች ካለች፥ ከሴት መሪዎቹ አንዷ እናቲቱን ቤቷ ድረስ ሄዳ ታነጋግር፤ ወንድሟም የእርሷን ተራ ይያዝ።