ዳገቱን ማስላት እምነት ማጣት ነው?

ከስዊዘርላንዷ ማርቲኒ ተነስቶ ወደ ጣልያኗ አኦስታ የሚጓዝ ሰው አልፕስን የሚሻገርበት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው፣ 5.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ዋሻ ነው። ሌላው ተራራውን ወጥቶ 2,469 ሜትር ላይ የሚሻገረው፣ ሮማውያን ሳይቀሩ የተመላለሱበት ጥንታዊ በር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሞተር ሆም የሚባለውን፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለትን መኪና እየነዱ ከነቤተሰባቸው የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። ጠንቃቃው ሹፌር ከመነሳቱ በፊት ካርታ ዘርግቶ ይቀመጣል። የመኪናውን ቁመትና ክብደት ይጽፋል፤ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሚያዘቀዝቅ፣ ኩርባው ምን ያህል እንደሚጠብ፣ የላይኛው መንገድ ከበረዶ ተጠርጎ እንደሆነ ያጣራል። አጠገቡ የተቀመጠ አማኝ ወዳጁ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሃል? እግዚአብሔር ያውቃል» ቢለው ምን ይመልስለታል?

ጥያቄው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሁሉ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው ሲያማትብ፣ ከሹፌሩ ፊት የተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ስትወዛወዝ አይቷል። ጸሎቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ መኪናውን በፎሌ ከለቀቀው፣ ተሳፋሪው የሚለምነው ምንድን ነው?

3,500 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሆም አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ 34 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት የግድ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። ይህ 100 ሊትር ያህል ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ነፋሱና ጎማው ከፊሉን ይወስዱታል፤ የቀረውን ሹፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራውና ዲስኩ ይሸከሙታል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀው ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ አረፋ ከያዘ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በከባድ ማርሽ የሚወርደውን መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ጻድቅና ኃጥእ ብሎ አይለይም። ፈጣሪ ዓለሙን በሥርዓት እንደሠራው የሚያምን ሰው፣ ያንኑ ሥርዓት አጥንቶ መንገዱን ቢያሰላ ከእምነቱ የቱ ላይ ወጣ?

ከፍታና እምነት የተገናኙበት ታላቁ ታሪክ በማቴዎስ ወንጌል ይገኛል። ፈታኙ ኢየሱስን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ሲገፋፋው ያቀረበለት ምክንያት ከቅዱስ መጽሐፍ የተወሰደ ነበር፤ መላእክት ይጠብቁሃል የሚለው ተስፋ። ኢየሱስ ተስፋውን አልካደም፤ አምላክን ሊፈታተን ግን እንቢ አለ። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብም ግመሉን ሳያስር በአላህ ላይ መመካት ይችል እንደሆነ ነቢዩ ሙሐመድን የጠየቀ ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስራት እንደታዘዘ ተጽፏል። ዕቅድን ለመንቀፍ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ነው። ሐዋርያው ነገ ወደዚያኛው ከተማ ሄደን እናተርፋለን የሚሉትን ነጋዴዎች ይገስጻል። ቃሉን ረጋ ብሎ ላነበበው ግን ተግሣጹ ያረፈው ነገን በእጃቸው እንደጨበጡ በቆጠሩበት ትምክህት ላይ ነው። ሒሳብ መያዛቸውን አልነካውም።

የመጻሕፍቱ ምስክርነት ይህ ነው። ከዚህ አብልጦ የሚያሳምነው ግን እዚያው የቅዱስ በርናርድ የተራራ በር ላይ የቆመው ቤት ነው።

በ1050 አካባቢ የአኦስታ ሊቀ ዲያቆን የነበረው የሜንቶኑ በርናርድ፣ መንገደኛ በብርድና በወንበዴ በሚያልቅበት በዚያ ከፍታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አቋቋመ። ተራራ ይወጡ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1923 ተራራ የሚወጡ ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ብለው የሰየሙት እርሱን ነው። ቤቱን እስከ ዛሬ የሚያገለግሉት የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ናቸው። በመግቦተ እግዚአብሔር ከእነርሱ በላይ የሚያምን ማን አለ? ሆኖም ያ ከፍታ ዛፍ አያበቅልምና ለረጅሙ የብርድ ወራት የሚሆን ማገዶ ከታች ከሸለቆው በበቅሎ ያስጭኑ ነበር። በጭጋግ ደወል ይደውሉ፣ ከውሽንፍር በኋላ መንገደኛ ፍለጋ ይወጡ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ውሾችም አሳድገዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ባሪ ከ40 በላይ ሰዎች አድኗል ተብሎ ይነገርለታል፤ በ1814 ከሞተ በኋላም አካሉ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ሁሉም አልዳነም። መሬቱ ድንጋይና በረዶ በመሆኑ መቅበር ሲያቅት፣ የሞቱት ከቤቱ አጠገብ በተሠራ የአስከሬን ክፍል ይቀመጡ ነበር።

እንግዲህ በውሽንፍር የተያዘ መንገደኛ ጸልዮ፣ የደወሉን ድምፅ ተከትሎ እሳቱ አጠገብ ቢደርስ፣ «እግዚአብሔር አዳነኝ» ማለቱ ትክክል ነው። እሳቱ ግን ከወራት በፊት ማገዶ ያስጫነ ሰው ስለነበረ ነው የነደደው። የመለኮት እጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሠራው በሰው ጥንቃቄ አማካይነት ነው። ከዚህም የሚከብድ ነገር ይከተላል። ችላ ብሎ፣ «እርሱ ያውቃል» ብሎ የወጣ ሰው ሸክሙን ለሰማይ የሰጠ ይመስለዋል፤ የተሸከሙት ግን በሌሊት ፍለጋ የሚወጡት ካህናት ነበሩ። ከእነርሱም በበረዶ ናዳ የቀሩ አሉ። ስንፍናን እምነት ብሎ መጥራት ባልንጀራን ማስከፈል ነው፤ በዚህ ላይ ለዘብ ብሎ መናገር ተገቢ አይመስልም።

የመንገድ ሕግም ባልንጀራን ያስባል። የ1968ቱ የቪየና የትራፊክ ስምምነት፣ ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች መተላለፍ ሲቸግራቸው በመሠረቱ የሚወርደው ዳር ይዞ የሚወጣውን እንዲያሳልፍ ያዛል። ዳገት ላይ የቆመ ከባድ መኪና እንደገና መነሳት ይቸግረዋልና። በስዊዘርላንድ ተራሮች ደግሞ በሦስት ድምፅ ጥሩምባው የሚታወቀው ቢጫ የፖስታ አውቶቡስ ቅድሚያ አለው። ስለዚህ ሞተር ሆም ነጂው የመኪናውን ስፋት አስቀድሞ ከመንገዱ ጋር ሲያስተያይ የሚያስበው ለራሱ ቆዳ ብቻ አይደለም። ኩርባ ላይ ቢቀረቀር በስተኋላው የሚሰለፉት ሁሉ በስሌቱ ውስጥ አሉ።

ታዲያ ያሰላ ሁሉ ይድናል? አይድንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1999 በፈረንሳይና በጣልያን መካከል ባለው፣ 11.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞን ብላን ዋሻ ውስጥ ዱቄትና ማርጋሪን የጫነ የጭነት መኪና ተቀጣጥሎ 39 ሰዎች ሞቱ። በተራራው አናት ያለውን ገደልና በረዶ ሽሽት ዋሻ የሚመርጥ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ምክንያታዊውን መንገድ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ሐዘናቸውን በ«አልተጠነቀቁም» መሸፈን ነውር ነው፤ በ«እግዚአብሔር ፈቀደ» ቸኩሎ መዝጋትም እንዲሁ። ሕያዋን ያደረጉት ተገቢ ነገር ቢኖር የዋሻውን አሠራር መለወጥ ነው፤ ዛሬ እዚያ የሚያልፍ ሹፌር ከፊቱ ካለው መኪና 150 ሜትር መራቅ ግዴታው ነው።

የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ጠቢብ የሚያደርገውን ሁሉ የሚወስነው የሚያግደው ነገር ካልመጣ በሚል ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ አስተምሯል። አማኙ «እግዚአብሔር ካለ» ሲል የሚናገረው ለዚህ ይቀርባል፤ ልዩነት ካለ፣ አማኙ የሚያግደው ነገር ባለቤት እንዳለው ማመኑ ነው። የቅዱስ በርናርድ የላይኛው መንገድ ከጥቅምት ገደማ እስከ ሰኔ መጀመሪያ በበረዶ ይዘጋል፤ የመክፈቻው ቀን ከዓመት ዓመት ይለያያል። ሰኔ ላይ መጥቶ መከልከያው ገና እንዳልተነሳ ያየ ሹፌር «እግዚአብሔር ካለ» የሚለውን ቃል ከልቡ ብሎት እንደነበር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ዕቅዱን እንደ መብት የቆጠረው ይቆጣል፣ ሌላ ጠባብ መንገድ ይፈልጋል፣ በማያውቀው ቁልቁለት ላይ ቤተሰቡን ይዞ ይመሽበታል። ሌላው መኪናውን ወደ ዋሻው ያዞራል፤ የዋሻውን ክፍያም ከቤቱ ሳይነሳ ከወጪው ጋር ደምሮታል።