ከመጠጥ እስራት ለመፈታት የወንድሞችን ማኅበር መፈለግ እምነት ማጉደል ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ አረቄ ያሸነፈው ሰው ሊተወው እየወደደ ስለ ምን ብቻውን ሊተወው እንዳልቻለ አስበህ ታውቃለህን? እኛ በክርስቶስ አመንን የምንል ለዚህ ጥያቄ መልሳችን ፈጣን ነው። «ጸሎቱ ቢጸና እግዚአብሔር ባዳነው ነበር፤ ወደ ሰው መሄዱ እምነት ማጉደል ነው» እንላለን። ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይመስላል። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚጐዳ በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁና ልንገርህ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ግንበኛ በሌሊት ወደ ቤቴ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጧት አረቄ ሳይቀምስ ድንጋይ ማንሣት እንደማይችል፣ የልጆቹንም እህል ሸጦ እንደ ጠጣበት እያለቀሰ ነገረኝ። እኔም «የወንጌል ስም እንዳይነቀፍ ለማንም አትናገር፤ ቤትህን ዘግተህ ጸልይ» ብዬ አሰናበትሁት። እርሱም እንዳልሁት ቤቱን ዘጋ። በተዘጋው ቤት ውስጥ ግን ጸሎቱም አረቄውም አብረውት ነበሩ። በሁለተኛው ክረምት ቀበርነው። ያ ሰው ከጨለማ ሊወጣ ደጄን እንደ መታ፣ እኔም ወደዚያው ጨለማ እንደ መለስሁት ከቀብር ስመለስ አስተዋልሁ።

ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር በጠራው ጊዜ ሕይወትን የሰጠው እርሱ ብቻ ነው። መግነዙን እንዲፈቱለት ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች አዘዘ። በቃሉ ሙታንን ያስነሣ ጌታ ጨርቅ መፍታት ተሳነውን? አልተሳነውም፤ ለወንድም እጅ የሚሆን ሥራ ሊተውልን ወደደ እንጂ። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ ፈውስን እርስ በርስ ከመናዘዝና አንዱ ስለ ሌላው ከመጸለይ ጋር አያይዞታል።

ይህ ነገር በሥራ የተገለጠበትን ታሪክ ስማ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ወዳለችው ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ነበረ። ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀርቶ ብቻውን በሆቴል ውስጥ ሲመላለስ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ልቡን ሳበው። በዚያን ጊዜ እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ ሌላ ሰው አግኝቶ ካልተነጋገረ እንደሚወድቅ ዐወቀ። ስለዚህ ከአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አንድ ቄስ መርጦ በስልክ ጠራ። በዚህም መንገድ ቦብ ስሚዝ ከሚባል፣ መጠጥ ካሸነፈው ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊቀመጥ ቈርጦ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ሲነጋገሩ ቈዩ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ተነሥቶም በ1950 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አልጠጣም። ከእነዚህ ከሁለቱ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ወጣ። ወደዚህ ማኅበር ለመግባት መጠጥ ለመተው ከመፈለግ በቀር የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ገንዘብም አይከፈልበትም።

ምናልባት «ዕውር ዕውርን እንዴት ይመራል? ሰካራምስ ሰካራምን እንዴት ያድናል?» ትለኝ ይሆናል። ያድነዋል አላልሁም፤ አዳኙ አንድ ነው። ነገር ግን ከረግረግ የወጣ ሰው እግር የሚቆምበትን ስፍራ ያውቃል። እኔ አረቄ ቀምሼ አላውቅምና ለግንበኛው አዘንሁለት እንጂ አላወቅሁትም። ቃሌም ከላይ ወደ ታች ወረደበት።

ደግሞ «ሰው ያየኛል» ብለህ ታፍር ይሆናል። ወዳጄ ሆይ፤ ከመሸታ ቤት ስትወጣ ያላየህ ማን ነው? ወደ መሸታ ቤት በቀን የገባ እግር ወደ መዳኛው ለመሄድ ስለ ምን ሌሊትን ይጠብቃል?

እንግዲህ ተነሥ። ሐኪምን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይን፣ ወይም ጠጥቶ የተወ ሰውን «እንዲህ ያለ ማኅበር የት ይሰበሰባል?» ብለህ ጠይቅ። ቀኑንና ስፍራውን ባወቅህ ጊዜ ለሌላ ሳምንት አታሳድር፤ የሚሸኝህም አንድ ሰው ፈልግ። በመጀመሪያው ቀን መናገር ቢያቅትህ መስማት ይበቃሃል። በዚያ የሰማኸውንም በውጭ አታውራ። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥና መቃዠት፣ ሰውነትን የሚጥል ሕመምም ሊያገኘው፣ እስከ ሞትም ሊያደርሰው ይችላልና አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ይህም እምነት ማጉደል አይደለም።

በሰፈርህ እንዲህ ያለ ማኅበር ባይገኝ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ፤ የአክሮኑም በሁለት ሰዎች ተጀምሯል። እኛ ለዕቁብና ለዕድር መሰብሰብን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሰውን ለመቅበር የምንሰበሰብ ከሆነ፣ ሳይቀበር ለመርዳት ስለ ምን አንሰበሰብም?

አንተም ቃሉን የምታስተምር ወንድም፤ በሌሊት ደጅህን የሚመታ ቢመጣ «ጸልይ» ብለህ ብቻ አታሰናብተው። አብረኸው ጸልይ፤ ከዚያም ጋቢህን ደርበህ አብረኸው ውጣ። እግዚአብሔር ይህን ለማድረግ ብርታቱን ይስጠን። አሜን።