የሐረማያ ሐይቅ ሒሳብ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በአንድ ሌሊት አልጠፋም፤ ሁሉም እያየው ዓመት ለዓመት እየሸሸ ነው ያለቀው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዳርቻው ብዙም አይርቅም። አገሪቱ የእርሻ ባለሙያዎቿን ባሠለጠነችበት ግቢ ደጃፍ እርሻው ሐይቁን ጠጥቶ ጨረሰው።

ገበሬውን መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። የሐረርጌ ጫት በአወዳይ ገበያ ተጭኖ ሳይጠወልግ ጅቡቲና ሶማሊያ መድረስ አለበት። ድንቹና ሽንኩርቱም ድንበር ይሻገራል። በበጋ፣ ዝናብ ጠባቂው ባዶ እጁን በሚቀመጥበት ወቅት፣ ለጋ ጫት ያቀረበ ሰው ደህና ዋጋ ያገኛል፤ ለዚያ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ የውሃ ሞተር የገዛ ገበሬ ሒሳቡን አልሳተም። የሚከፍለው ለናፍጣ ነው፤ ስለ ውሃው የሚጠይቀው የለም። እሱ ቢቆጥብ የሚጠቀመው የጎረቤቱ ሞተር ነው።

ሞተሩ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ሐረር ከተማም ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚሁ ሐይቅ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ሐይቁን እየሞላ አሳነሰው፤ ጥልቀት ያጣ ውሃ ደግሞ ለፀሐይ ቀላል ነው።

ሐይቁ ሲነጥፍ ሐረር ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ውሃ ሽቅብ ማስገፋት ግድ ሆነባት። ገበሬውም በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ውሃው ወደ ታች በሸሸ ቁጥር ቆፋሪ፣ ቱቦና ናፍጣ ይጨምራል። አቅም ያለው ተከተለው፣ የሌለው ቀረ። ገበሬውን ተፎካካሪ ያደረገው ርካሽ ውሃ ነበርና ውሃው ሲወደድ ብልጫውም አብሮ ሄደ። ስለ «ምርታማነት» በየስብሰባው ስናወራ ይህን ወጪ የምንጽፍበት መስመር እስካሁን የለንም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሐረማያ ውሃ ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል። የውሃው ጥያቄ ግን ወደ ሌላ ቦታም ይሄዳል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ የአበባ እርሻውም የሽንኩርት ገበሬውም ከአንድ ውሃ ይስባሉ፤ ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ የሚመግበው የአቢያታ ሐይቅ ደግሞ በእጅጉ ሸሽቷል። የውሃ ፈቃድ የምትሰጡ ሁሉ፣ ማን ስንት እንደሚስብ ሐይቁ ሳይጎድል ለኩና ወስኑ።