ቀብሩ መቼ ነው?

የገና ሰሞን ነበር፤ አምቦ፣ አክስቴ ቤት። ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዤው የሄድኩትን ፊልም ከፍቼ፣ እሷ ቡናዋን እየቆላች አብረን እናያለን። ታሪኩ የአጋታ ክሪስቲ ነው፤ ያ ጢሙን በሰም የሚያሾለው ቤልጅጋዊ መርማሪ፣ ኤርኩል ፖዋሮ፣ ያለበት። በእንግሊዝ ገጠር አንድ ሰፊ የባላባት ግቢ አለ። ሣሩ ተከርክሟል፣ አሽከሮቹ ነጭ ጓንት አጥልቀዋል፣ ቅዳሜና እሑድን ሊያሳልፉ የመጡ እንግዶች አሉ። በሌሊት የቤቱ ጌታ ተገድሎ ይገኛል። እኔ እተረጉማለሁ፤ «ይቺ የእህቱ ልጅ ናት፣ ውርሱን ትፈልጋለች። ያ ሐኪሙ ነው፣ ዕዳ አለበት።» አክስቴ ዝም ብላ ትሰማለች። በማግስቱ እንግዶቹ ቁርስ ሲቀርቡ ግን ብረት ምጣዷን ከእሳቱ አነሳችና፣

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለችኝ።

«የምን ቀብር?»

«የሰውየው ነዋ! ሬሳው ፎቅ ላይ ተጋድሞ እንቁላል ይበላሉ እንዴ? የሚያለቅስለት ዘመድ የለውም?»

ሳቅኩ። ቀብሩ የታሪኩ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ጨዋታው ገዳዩን መፈለግ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። «ጨዋታው?» ብላ ቃሉን ደገመችውና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ሌላ አልጨመረችም።

ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ሲደክመኝ፣ ዜና መስማት ሲያቅተኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማነሳው እነሱን ነው። ሰው የተገደለበትን ታሪክ ለማረፊያ የሚያነብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በሰው ሞት መጽናናት ነውር ነው ወይስ አይደለም? ነውር ከሆነስ ነውሩ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልቦለድ ዐሥር ትእዛዛት ጽፏል። ቄስ መሆኑ ደስ ይለኛል። ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ ላይ የተዋወቅነው ሰው መሆን አለበት፤ መንፈስና ተአምር አይገባም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው መደበቅ የለበትም። ደራሲዎቹ ደግሞ ከቄሱ ትእዛዝ ውጭ ሌላ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፤ ሟቹ በአብዛኛው የማይወደድ ሰው ነው። ስስታም አባት፣ ኑዛዜውን በየወሩ የሚቀይር ሽማግሌ፣ የሰው ምስጢር ይዞ የሚያስፈራራ እንግዳ። ለዚህ ነው ቀብሩ የማያስፈልገው። ብናለቅስለት ጨዋታው ይፈርሳል።

በመጨረሻው ምዕራፍ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ይሰበስባል። የመጽሐፉ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፤ እንዲያውም ሁሉም የሟቹን ሞት በልቡ ተመኝቷል። መርማሪው ጣቱን ወደ አንዱ ሲቀስር የቀሩት እፎይ ይላሉ። የተመኙት ምኞት ከዚያ በኋላ አይጠየቅም። አንዱ ጥፋተኛ ሲባል ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሆነ፤ ቤቱም ወደ ሻይ ሰዓቱ ተመለሰ። እኔ በሌሊት የምገዛው መጽናኛ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ይህ ነው፤ ክፋት ሁሉ በአንድ ሰው ተጠቃሎ ከበር ሲወጣ ማየት።

የእንግሊዝ አንባቢ ይህን የተራበበት ምክንያት ነበረው። ክሪስቲ የመጀመሪያ መጽሐፏን የጻፈችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል በምትሠራበት ጊዜ ነው፤ ስለ መርዝ የምታውቀውንም የተማረችው እዚያ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲወጣ ፖዋሮ የጦርነት ስደተኛ፣ ተራኪው ሄስቲንግስ ደግሞ ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ መኮንን ነው። ብሪታኒያ በዚያ ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ሰው አጥታለች፤ መንግሥትም የሞቱት በወደቁበት አገር እንዲቀበሩ ወስኖ ስለነበር ብዙ እናት የልጇን ሬሳ አላየችም። እስቲ አስቡት፤ ቀብር የሌለው ለቅሶ በየቤቱ አለ። ያንን ያህል ሰው ማን ገደለው ቢባል ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው የለም። በዚህ መካከል አንድ ሬሳ፣ አንድ ገዳይ፣ አንድ ምክንያት ያለው መጽሐፍ ይመጣል። ይህን ያነበቡትን ለመውቀስ አፌን አያስደፍረኝም።

ግን የእንግሊዝ ገጠር ቤት እውነተኛ ግድያም ያውቃል፤ እሱ ደግሞ አያጽናናም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1860 ማብቂያ፣ ዊልትሽር ውስጥ ሮድ ሂል በሚባል ቤት፣ አራት ዓመት ያልሞላው ፍራንሲስ ሳቪል ኬንት ሌሊት ከአልጋው ተወስዶ፣ ጉሮሮው ተቆርጦ፣ ከቤቱ ውጭ ባለ ሽንት ቤት ውስጥ ተገኘ። በሮቹ በሌሊት ስለተዘጉ ገዳዩ ከቤቱ ሰዎች አንዱ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ጥርጣሬው በመጀመሪያ በሞግዚቷ ላይ ወደቀ፤ ድኻ ናትና። ከለንደን የተላከው መርማሪ ጆናታን ዊቸር ግን የሕፃኑን ግማሽ እህት፣ የ16 ዓመቷን ኮንስታንስ ኬንትን ጠረጠረ። አገሩ በንዴት ተነሣ። የሠራተኛ ልጅ የሆነ ፖሊስ የጨዋ ልጅ ጓዳ ገብቶ የሌሊት ልብሷን ይቆጥራል? ልጅቷ ተለቀቀች፤ የዊቸር ስም ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮንስታንስ ራሷ ተናዘዘች። 20 ዓመት ታስራ ወጣች፤ አውስትራሊያ ገብታ በሌላ ስም ነርስ ሆና ኖረች፤ በ100 ዓመቷ ሞተች።

ከዚያ በኋላ የተጻፉት የገጠር ቤት ልቦለዶች ከዚህ ታሪክ ብዙ ወስደዋል፤ የተዘጋውን በር፣ ተጠርጣሪውን ቤተሰብ፣ ከከተማ የሚመጣውን መርማሪ። ሕፃኑን ግን ትተውታል። በሕፃኑ ቦታ ስስታሙን ሽማግሌ አስቀመጡ። ቤቱ እውነቱን ለመስማት አለመፈለጉንም ትተውታል። በልቦለዱ መርማሪው ሲናገር ሁሉም ያዳምጣል። በሮድ ሂል ግን እውነቱን የተናገረው ሰው ነው የተባረረው።

የተተወ ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የነፍስ ግድያ ቅጣት ስቅላት ነበር። ፖዋሮ ጣቱን ሲቀስር ገመድ እየቀሰረ ነው፤ መጽሐፉ ግን ገመዱ ሳይታይ ይዘጋል። ይህን ዝም ብላ ያላለፈች አንድ ደራሲ አውቃለሁ፤ ዶረቲ ሴየርስ። እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣችው ልቦለድ መርማሪው ሎርድ ፒተር ዊምሲ ራሱ ያስያዘው ሰው በሚሰቀልበት ዋዜማ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ሚስቱ እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል። አክስቴ ያንን ብታይ ትወደው ነበር ብዬ አስባለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው አለቀሰ።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ መመርመር ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ይገርመኛል። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የምንለው ያ ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። እውነቱ እስኪወጣ እርሻም ከብትም ይቆያል። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለድም የሚነሣው ከተቃጠለ ጎጆና ለዚሁ ከተጠራ የመንደር ጉባኤ ነው።

ልዩነቱ ጥፋተኛው ሳይገኝ ሲቀር ይታያል። የአፈርሳታ ልማድ «አልተገኘም፣ ወደየቤታችሁ» ብሎ አያበቃም፤ ጥፋቱ የደረሰው በአገሩ ላይ ነውና አገሩ አዋጥቶ ይክሳል። ማለትም ማንም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። የፖዋሮ ሳሎን ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ነጻ ሲያወጣ፣ ሜዳው ሁሉንም ባለዕዳ ያደርጋል። አላሞካሸውም። ምንም ያላደረገ ድኻ በማጭድ ሰሞን ቀናት ሙሉ ሜዳ ላይ ተይዞ መዋሉ ግፍ ነበር፤ «ወፏ» በቂም ልትዘምርም ትችላለች። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሲሰጥ ጥሩ ምክንያት ነበረው። የዕዳው ሐሳብ ግን አብሮ መጣል ነበረበት ወይ? እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም።

በምዕራብ ሸዋ ያደገ ሰው ደግሞ ጉማን ያውቃል። ነፍስ ሲጠፋ የገዳይና የሟች ወገን በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም። ሽማግሌዎች ይገባሉ። ገዳይ ያደረገውን ሳይደብቅ ማመን አለበት፤ ካሳውን የሚከፍለው ብቻውን ሳይሆን ጎሳው አዋጥቶ ነው። ሥርዓቱ ሲፈጸም ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። አክስቴ እንዲህ ዓይነት እርቅ ከአንድ ጊዜ በላይ አይታለች። «ገዳዩ ታወቀ» የሚለው ዜና ለፖዋሮ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ለሷ ገና የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከባዱ ነገር የሚመጣው፤ እነዚህ ሰዎች ነገ በአንድ ገበያ እንዴት ይገናኛሉ?

እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት አንድ ቀን ስላለ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ሀጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በሦስተኛው ቀን እዚሁ አምቦ ተቀበረ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ያኔ «ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየቡናው ነበር። ሁሉም ሰው ፖዋሮ ሆነ። ሁሉም የራሱን የመጨረሻ ምዕራፍ ጻፈ፤ ማስረጃው ሳይቆጠር ጣት ተቀሰረ። ጣቱም ወደ አንድ ሰው ብቻ አልተቀሰረም፤ ወደ ወገን፣ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ሃይማኖት፣ ወደ ጎረቤት ተቀሰረ። በተከተሉት ቀናት ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከዚያች ጥይት ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ነገር አልነበረም። ጉዳዩ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ፍርድ ተሰጥቶበታል፤ ለብዙ ሰው ግን ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

በዚያ ሰሞን እኔም ከፖዋሮዎቹ አንዱ ነበርኩ። አልደብቅም። አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ማን ምን ጥቅም እንዳለው፣ ማን የት እንደነበረ ስንተነትን አመሸን። በትንታኔው ውስጥ ሟቹ ጠፍቷል። ከቀናት በኋላ ስልክ ሲገኝ አክስቴን ጠየቅኳት፤ «እዚያ ማን ነው ይባላል?» «እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው የመለሰችልኝ።

አትሳሳቱ፤ ለቅሶ ይበቃል እያልኩ አይደለም። ለቅሶ ብቻ ያለበት አገር ለገዳዮች ይመቻል፤ አልቅሰን እንበተናለን፣ እነሱም አብረውን ቆመው እጅ ነስተው ይሄዳሉ። እውነቱ መገኘት አለበት። ጉማ እንኳ ያለ እውነት አይቆምም። የኔ ነገር ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ሟቹን ሳናለቅስለት ገዳዩን ስንፈልግ፣ የምንፈልገው እውነትን ሳይሆን የራሳችንን ንጽሕና ይሆናል። ቶሎ አንድ ሰው ይገኝና እኛ እፎይ እንበል ነው ነገሩ። ያለቀሰ ሰው ግን ጣቱን ለመቀሰር አይቸኩልም፤ የሞት ክብደት እጁ ላይ አለ።

ስለዚህ ነውሩ ማንበቡ አይደለም ብዬ ደምድሜያለሁ። የደከመ ሰው ሁሉ ነገር በመጨረሻ የሚገጥምበት ቤት ውስጥ ለሁለት ሰዓት ቢያርፍ ማንንም አይጎዳም። ነውሩ ከዚያ ቤት ወጥቶ አገሩን እንደዚያ ሳሎን ማየት ነው፤ አንዱ ከበር ከወጣ የቀረነው ንጹሕ ነን ብሎ ማመን።

ፊልሙን የዚያን ቀን እስከ መጨረሻው አይተነዋል። ገዳዩ ሐኪሙ ሆነ። እኔ ገምቼ ስለነበር ደስ አለኝ። አክስቴ ሦስተኛውን ቡና እየቀዳች፣ «እሱስ እናት የለውም?» አለች።

ዛሬም እነዚያን መጻሕፍት አነባለሁ። ሬሳው የሚገኝበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ለማይወደደውም ሽማግሌ በልቤ «ነፍስ ይማር» እልና ገጹን እገልጣለሁ።