ከገረሴ ወርዶ ጫሞ ላይ ሞተር ለሚይዝ ልጅ

ልጄ፣ ከገረሴ ወርደህ ጫሞ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ልትነዳ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰጋሁም። ያሰጋኝ አዞና ጉማሬው አይደለም፤ ከእነሱ መራቅን ቶሎ ትለምዳለህ። ያሰጋኝ ቤንዚኑ ነው። የመንግሥት ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ የሊትሩ ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። እንግዳ ይዘህ አዞዎቹ የሚከማቹበት አዞ ገበያ ደርሰህ ስትመለስ ኪስህ የሚገባውም ሆነ የሚያመልጥህ ገንዘብ የሚወሰነው ጋዙን በጨበጠው እጅህ ነው።

ስለ ቁጠባ ብትጠይቅ አንዱ ስለ ካንዴላ፣ ሌላው ስለ ዘይት፣ ሌላው ስለ ሞተር ዓይነት ያወራልሃል። ሁሉም ጥቅም አለው። ነገር ግን እጅህን ካልገራህ የቀረው ሁሉ ጥቂት ነው የሚያተርፍልህ።

ጀልባ በቀስታ ሲሄድ ውኃውን ከፍሎ ያልፋል። ጋዝ ስትጨምርለት ማዕበል ያነሳል። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲስተካከል ጀልባው ራሱ በሠራው ዳገት ላይ ይወድቃል፤ አፍንጫው ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ፍጥነቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ የሚወጣውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ጭነት የከበደው አይሱዙ ዳገቱ ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጠጣ አስብ። ውኃው ውስጥ ያለው አካሉ 7 ሜትር ለሚሆን ጀልባ ይህ ዳገት የሚጀምረው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ9 ወይም በ10 ብትሄድ መንገዱ ጥቂት ይረዝምብሃል፤ የቤንዚኑን ልዩነት ግን ማታ ጀሪካኑን ስታነሳ ታየዋለህ።

ጀልባህ ቀላል፣ ሞተርህ ጉልበታም ከሆነ ዳገቱን ዘሎ ውኃው ላይ መንሸራተት ይችላል። ያን ጊዜ ጋዙን ቀንስለት፤ መንሸራተቱን እስካላቆመ ድረስ ችግር የለውም። ሰው የሞላው፣ ጥላ የተሠራለት ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ አይዘልም። ሙሉውን ጉዞ ዳገቱ መሃል ሆኖ ይጨርሰዋል፤ ከሁሉም የከፋው ብክነት ይሄ ነው። ስለዚህ ወይ ከታች ሁን ወይ አልፈህ ሂድ። የት እንዳለህ ለማወቅ ወደ ኋላህ ዘወር በል፤ ከጀርባህ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አረፋ የሚተፋ ትልቅ ማዕበል ከተከተለህ ገንዘብህ እዚያ እየፈሰሰ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታውን ነው። ጫሞ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከአሥር አንድ እጅ ያህል ያጣል፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው 36 ገደማ ይሆናል። ጣና ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የባሰ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፕሮፔለር እዚህ ሊከብደው ይችላል። ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ሞተሩ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዙር ካልደረሰ የክንፎቹ ጥምዝ አንድ ደረጃ ያነሰ ፕሮፔለር ፈልግ። ያለህም ቢሆን ጫፉ ከተቆረሰ ወይም ከታጠፈ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስተካክለው። ጠዋት ጠዋት የፕሮፔለሩን ዘንግ እይ፤ የዓሣ አጥማጆች መረብ ቅሪት ይጠመጠምበታል፤ ጉልበት ከመብላቱም በላይ የዘንጉን መድፈኛ ጎማ ያበላሻል።

ጀልባው ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሳትነሳ ቅዳው። እንግዶች ሁሉ ከኋላ እንዳይከማቹ በአክብሮት ለምናቸው፤ ክብደቱ ወደ መሃል ሲመጣ አፍንጫው ዝቅ ይላል። ታችኛውን አካል ከአልጌ አጽዳ።

ሞተርህ ባለ ሁለት ምት ከሆነ ከቤንዚኑ የተወሰነው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው አብሮ እንደሚወጣ እወቅ፤ ባለ አራት ምቱ በዚህ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በዘይቱ ልቆጥብ ብትል ሞተሩን ትገድለዋለህ፤ ብታበዛውም ካንዴላው ይቆሽሻል። አባያ ሐይቅ ላይ ከሠራህ ደግሞ ውኃው ደለል የሞላበት ስለሆነ የማቀዝቀዣውን ፓምፕ ጎማ ቶሎ ቶሎ አስፈትሽ።

ደብተር ያዝ። ስንት ሊትር እንደጨመርክ፣ ስንት ሰው እንደጫንክ፣ ነፋስ እንደነበር ጻፍ፤ ፍጥነቱን ስልክህ ይነግርሃል። በወር ውስጥ የጀልባህን ጠባይ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ መውጣት ከነፋስ ጋር ከመታገል ያድንሃል፤ እንስሳቱም ቢሆኑ በዝግታ ለሚቀርብ ጀልባ ነው የሚረጋጉት።

አንድ ነገር ግን እንዳትቆጥብብኝ። ቤንዚንህን ሦስት ቦታ ክፈለው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ነፋስ ለሚነሳበት ሰዓት። ሦስተኛው እጅ ሳይነካ ብትመለስ ነገ ይጠቅምሃል። ጀሪካን ከበደኝ ብለህ መቅዘፊያውንም ሆነ የነፍስ አድን ጃኬቱን ከጀልባው እንዳታወርድ፤ ማቅለል ካለብህ አንድ መንገደኛ ቀንስ።