ከፍዬዋለሁ

ባለፈው ነሐሴ እናቴ ከቆላ ድባ ደወለችልኝ። «ሩዙን አረም ዋጠው፤ ሰው ፈልግልኝ» አለች። እኔ ባሕር ዳር ነበርሁ። ለአብሮ አደጌ ደወልሁለትና ሦስት ቀን ሊያርምልን ተስማማን። የሁለቱን ቀን በቴሌብር ላክሁ፤ የሦስተኛውን «ሲያልቅ» አልሁትና ረሳሁት። ለመስቀል ስገባ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጥጃ አብረን ስንጠብቅ ያደግን፣ ዕድሜውን ሙሉ «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው «እንዴት ከረሙ?» አለኝ።

የአንዱን ቀን ሂሳብ መርሳቴ ጥፋት መሆኑ አያከራክርም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሰዓቱ ሙሉውን ብከፍለው ኖሮ ከእርሱ ጋር ያለኝ ነገር አለቀ ማለት ነበር?

በአባቶቻችን ጊዜ ጥያቄው እንዲህ አይነሳም። ወንፈል ነበር፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ታርማለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ። አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል። ሥራ የበዛበት ደግሶ ደቦ ይጠራል። (እኛ ቤት ጠላ ስለማይጠመቅ ንፍሮና ቡና ይበዛ ነበር፤ የሰዉ ማጉረምረም ዛሬም ትዝ ይለኛል።)

ይህን ከለወጡት ነገሮች አንዱ ሩዝ ነው። ከጣና ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኛሉ፤ ውሃ በተኛበት ጤፍ አይሆንም፣ ሩዝ ግን ውሃ ይወዳል። በደርግ ጊዜ ተሞክሮ ኋላ ገበሬው ሲይዘው «ነጭ ወርቅ» ተባለ፤ ወደ እኛ ወደ ደምቢያም ዘለቀ። ሩዝ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ የሁሉም ማሳ ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው የሚታረመው። ሁሉም የራሱ አረም ሲይዘው ለወንፈል ማን ይመጣል? በሌላ በኩል ሩዙ ተሸጦ ጥሬ ብር ያመጣል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ መጣ።

ሌላው መሬት ነው። በክልላችን መሬት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቤተሰቡ ካላካፈለው ወይም ካላወረሰው መሬት የለውም። አብሮ አደጌ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ብር አለያየን» ሲሉ እሰማለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ወንፈል የሚመልሰው ጉልበት ነው፤ እርሻ ለሌለው ሰው ጉልበት ቢመለስለት ምን ያደርግበታል? ውለታም ቢሆን ለድሃ ቀላል ሸክም አይደለም። የቀን ሂሳቡን ተቀብሎ ቀና ብሎ መሄድ ክብር አለው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከልክሎ ነበር። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለታመመ፣ ለሸመገለ፣ ለሕፃን ብቻ ፈቀደ። እናቴ ባሏ የሞተባት ናትና ይፈቀድላት ነበር፤ ለእኔ ግን ባልተፈቀደልኝ ነበር። ሕጉ የሠጋው ከፋዩ ጌታ እንዳይሆን ነው። «እንዴት ከረሙ?» ስባል ሥጋቱ ገባኝ። ይሁን እንጂ ክልከላው ዛሬ ቢኖር አብሮ አደጌን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ መቅጠርን አይከለክልም። ዘዳግም 24 የድሃው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰጠው ይላል፤ ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተቀማው ደመወዝ እንደሚጮህ ይናገራል። ሁለቱንም ለወጣቶች አስተምሬያለሁ! ያላስተዋልሁት ግን ያ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመክፈል ከፋዩ ሠራተኛው ባለበት መገኘት ነበረበት። ፊቱን ያያል፤ ድካሙን ያያል። እኔ ፊቱን ሳላይ መክፈል ችያለሁ። በወንፈል ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ሰው ወሬውን ያወራል፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች ይሰማል። ብሩ ያስቀረብኝ ይህን ነው፤ ሳይጠየቅ የሚሰማውን።

በማግስቱ የቀረውን ሂሳብ ይዤ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከሐምሌ ጀምሮ እንደታመሙ ያን ጊዜ ሰማሁ። ማሳችንን ሲያርም የሰነበተው እርሳቸውን እያስታመመ ነው።

ብሩን ሰጠሁት። ቆጠረው።

«ልክ ነው» አለኝ። «ቁጭ ይበሉ፤ ቡና ይጠጡ።»